የታረመችው ልጅ

አንድ ሰው ነበር። ሆሳዕና ከተማ የሚኖር፣ የእንግሊዝኛ መምህር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጆቹን ይወድ ነበር። ስለሚወዳቸውም በቤቱ አንድ ደንብ አወጣ፤ እራት ላይ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገርም። እናትየዋ እንግሊዝኛ ስለማትችል ዝም ብላ ትበላለች። ምስኪን፣ በገዛ ቤቷ እንግዳ።

ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ታላቂቱ ሊዲያ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋን አልፋ ሕክምና ደረሳት። ታናሺቱ ታሪኳ በዓመቱ ተፈትና ወደቀች። ማንም አልተቆጣት። ማንም ግን አላጽናናትም። አባትየው ጊዜ ይሽረዋል ብሎ ተወው።

አንድ ቀን እራት ላይ ታሪኳ ድንገት ተናገረች። ደንቡ ደንብ ነውና በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው። «ሊዲያ በሁሉም ነገር ከእኔ ትሻላለች» አለች።

ወገኖቼ፣ በእንግሊዝኛ አንዱን ከሌላው ስታበላልጡ «ከእኔ» የሚለውን «ዛን አይ» ትላላችሁ ወይስ «ዛን ሚ»? የተማሩት ይከራከሩበታል፤ ሰው በተለምዶ ሁለቱንም ይላል አሉ። የእኛ መምህር ግን በዚህ ቀልድ አያውቅም። ልጅቷ «ዛን ሚ» ብላ ነበር።

የጠቀለለውን እንጀራ ሳህኑ ላይ መለሰ። «ዛን አይ» አላት። «ድገሚው።»

ታሪኳ አባቷን አየችው። ከዚያ አስተካክላ ደገመችው። ሊዲያ በሁሉም ነገር ከእኔ ትሻላለች።

«ጎበዝ» አላት፣ እራቱንም ቀጠለ።

ሰማት ወይ? ሰማት። ጆሮው ደህና ነው፣ አንዲት ቃል አላመለጠችውም። ልጁ «እኔ ምንም አይደለሁም» ስትለው ግን አልሰማትም። ይባስ ብሎ ደግማ እንድትለው አደረገ። ደግማ ስትለውም «ጎበዝ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ታሪኳ እራት ላይ አልተናገረችም። አባትየው አደብ ገዛች ብሎ ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ ልብሷን ሸክፋ ሶዶ ያለችው አክስቷ ዘንድ ሄደች። ሱቅ ላግዛት ብላ ነው የሄደችው። ክረምቱ አልፎ በዓል መጣ፤ እሷ አልመጣችም። ያን ጊዜ ነው የደነገጠው። አውቶቡስ ተሳፍሮ ሊያመጣት ሄደ።

ታሪኳ አባቷን በክብር ተቀበለችው። ጉልበቱን ሳመች፣ ወንበር ሰጠችው፣ እጁን አስታጠበችው።

«ምን አጠፋሁ ልጄ? ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት።

«ነግሬዎት ነበር እኮ አባባ።»

«መቼ?»

«እራት ላይ። ያረሙኝ ቀን።»

መምህሩ ያን ቀን አልረሳውም። ስህተቷንም፣ እርማቱንም ደህና አድርጎ ያስታውሳል። የተናገረችው ነገር ግን ገና አሁን ገባው። «ይቅር በይኝ» አላት።

«ይቅር ብያለሁ አባባ። እውነቴን ነው። ግን እዚያ ቤት ተመልሼ መኖር አልችልም። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ነው የምኖረው።»

ብቻውን ተመለሰ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር፤ ከኋላው ማንም እንደሌለ አይታ ወደ ውስጥ ገባች። ያ ሰው ደጁ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

እኔስ? እናንተስ? እኛ እንግሊዝኛ አናስተምር ይሆናል፤ እርማት ግን እናውቅበታለን። ሚስት ሆድ ብሷት ስትናገር «ድምፅሽን ቀንሺ» እንላለን። ልጅ እያለቀሰ ሲመጣ «መጀመሪያ አፍንጫህን ጥረግ» እንላለን። የተጎዳ ወንድም እዚህ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ሲጸልይ «ጸሎቱ ሥርዓት የለውም» ብለን ስንወጣ እናወራለን። አላልንም? ብለናል።

እስቲ ንገሩኝ፤ እግዚአብሔር የእናንተን ጸሎት እንዲህ ቢሰማ ኖሮ ከመካከላችሁ «አሜን» ላይ የሚደርስ ማን ነበር? ያን የተንተባተባችሁትን፣ ያን በእንባ የተቆራረጠውን እንዳለ ተቀበለላችሁ እኮ። አንድ ቀን «ድገሙት» ብሏችሁ ያውቃል?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንዱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ትሰሙ ይሆናል። እባካችሁ፣ የያዛችሁትን አስቀምጡ። አጠገቡ ተቀመጡ። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያልከው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ እስኪጨርስም ዝም በሉ። ልጆቻችሁ ገና እቤታችሁ ናቸው፤ ገና ይነግሯችኋል።