ለሚመለከተው ክፍል የተላከ ዱካ

በዚያ ጫካ ሰላም ነበረ። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ቀበሮ ነው። ቀበሮ የንጉሡ የአንበሳ ቃል አቀባይ ስለ ነበረ በየማለዳው ጉብታው ላይ ወጥቶ ሰላም መሆኑን ያበስረን ነበር። ንግግሩ ረዘም ያለ ቀን ከጎረቤቶቻችን አንዱ እንደ ጎደለ እናውቅ ነበር።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ውሃ በፈቃድ ይጠጣል፤ ሣር በፈቃድ ይጋጣል። ያለ ፈቃድ የተገኘ በጅቦች ተይዞ ገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ «ለጥቂት ጥያቄ» ይወሰዳል። ጥያቄው ምን እንደሆነ እስካሁን አናውቅም፤ ተመልሶ መጥቶ የነገረን የለማ። ጅቦቹ በጥጋብ ብዛት አፍንጫቸው ደንዝዞ ስለ ነበር የሚያድኑን ዱካችንን እያዩ ነው። ስለዚህ እኛ ደካሞቹ ዱካ አለመተውን ልማድ አደረግን። በድንጋይ ላይ እንራመዳለን፤ ጭቃ የረገጠ ዞር ብሎ በቅጠል ያጠፋል። ልጆቻችን ከጡት ቀጥሎ የሚያውቁት ይህንን ነበር።

እመት ሚዳቋ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ትልቋ በበጋው ሐሩር ጥሙ ቢብስባት ያለ ፈቃድ ምንጭ ወረደችና ጅቦች ወሰዷት። እናትየዋ ቀበሮ ዘንድ ሄዳ ልጄ የት ናት ብላ ጠየቀች።

«እንዲህ የምትባል በእጃችን የለችም» አላት ቀበሮ። «ብትኖርም በጥሩ ሁኔታ ላይ ናት።»

ሚዳቋ ይህን መልስ ይዛ ስድስት ወር ኖረች። እንዴት እንደኖረች አልነግራችሁም፤ እኔ ራሴ አይቼ እንዳላየሁ ነበር የማልፋት።

ክረምቱ ሲወጣ ሽመላዎች ከባሕር ማዶ መጥተው ጨፌው ላይ አረፉ። የላካቸው የአእዋፍ ሸንጎ ነው፤ በየጫካው የሚፈጸመውን ግፍ የሚመረምር ትልቅ ሸንጎ። አለቃቸው ረጅም፣ ጨዋ፣ ድምፁ የማይጎረብጥ ሽመላ ነበር። ሰበሰበንና እንዲህ አለ፦

«በዚህ ጫካ ተፈጸመ የሚባለው ነገር ሸንጎአችንን እጅግ አሳስቦታል። ያያችሁትን ሳትፈሩ ንገሩን። የተናገረ ግን በእነዚህ እርጥብ ሸክላዎች ላይ እግሩን ያትም። አንዱ ለሸንጎው ይሄዳል፤ ሁለተኛው ለሚመለከተው ክፍል። የእግር አሻራ የሌለው ቃል ወሬ ነው፤ ሸንጎው ወሬ አይቀበልም።»

ስብሰባው ተንጫጫ። አቶ ጃርት እሾሁ ቆሞ ተነሣ።

«ጌታው፣ ሌላ ምልክት አይሆንም? ፀጉር ብንነቅል? ደግሞስ ይሄ የሚመለከተው ክፍል የሚሉት ማን ነው?»

«ዱካ ምን ጉዳት አለው?» አለ ሽመላ።

የምሩን ነበር የጠየቀው። ሽመላ ክፉ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ እንጠነቀቀው ነበር። የእሱ ዱካ ግን ውሃ ዳር ይጀምራል፣ ውሃ ዳር ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ክንፉን ዘርግቶ ይሄዳል። በዱካው ተከታትሎ ቤቱ ድረስ የመጣበት የለም። ጃርት ሊያስረዳው ቢሞክርም ሽመላ «ሥርዓታችን ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።

ሚዳቋ ወደ ሸክላዎቹ መራመድ ጀመረች።

«አንቺ እመት ሚዳቋ!» አላት ጃርት። «ኧረ ትንሿን አስቢ!»

«እያሰብኳት ነው። ትልቋንም አስባለሁ። ስድስት ወር ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ ልጄን መለሰልኝ?»

ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ቃሏ አንድም አልተሳሳተም። ከዚያ የግራ ፊት እግሯን፣ ሰኮናው ጫፉ ላይ የተሸረፈውን፣ ሁለቱም ሸክላዎች ላይ ረገጠች። እሷን አይተው ሌሎች ሃያ ተከተሏት። እኔም ወረፋ ይዤ ነበር። ተራዬ ሲደርስ እግሬን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። አላመመኝም ነበር።

የሚመለከተው ክፍል ማን እንደሆነ የሰማነው በማግስቱ ከቀበሮ አፍ ነው። ሽመላ ሁለተኛዎቹን ሸክላዎች ወስዶ ለአንበሳ አስረክቦት ኖሯል። የተከሰሰ ወገን የቀረበበትን ማስረጃ አይቶ መልስ የመስጠት መብት አለው አሉ፤ ለዚህም ሠላሳ ቀን ተሰጥቶታል። አንበሳ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየና በዘመነ መንግሥቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ አመሰገነ። «እንዲህ ያለ የተሟላ መረጃ ቀርቦልን አያውቅም» አለ። ሽመላም መንግሥቱ ለመተባበር ፈቃደኛ መሆኑን መዝግቦ፣ ጓዶቹን አስከትሎ በረረ።

ጅቦቹ ሸክላዎቹን በአፋቸው ይዘው በየመንገዱ ተሠማሩ። አንዱን ዱካ ከሌላው ያስተያያሉ፤ ልክ አይደለም ሲሉ ያልፋሉ፤ ልክ ነው ሲሉ ይከተላሉ። ዱካውን ሁሉ አጥፍቶ የሚጨርስ የለም፤ ሁልጊዜ አንድ ይቀራል። በአራተኛው ቀን ከምንጩ በላይ ጫፉ የተሸረፈ ሰኮና አገኙ። ጎሬዋ ሲደርሱ ሚዳቋ ለግጦሽ ወጥታ ነበር። ትንሿን ወሰዷት።

ወሬው ባሕር ማዶ ሲደርስ ሸንጎው ጥልቅ ሐዘኑን ገለጸ። ሁሉም ወገኖች ከድርጊታቸው እንዲቆጠቡም አሳሰበ። ሚዳቋ ምን ከማድረግ እንደምትቆጠብ አልገባንም። ንዴቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ።

በዓመቱ ሽመላ ተመለሰ። ሸክላው ተዘጋጀ፣ ምስክር ተጠራ። ሁላችንም ጨፌው ዙሪያ ባሉት ድንጋዮች ላይ እንደ ቆምን ዝም አልን። ሽመላ ጠበቀ፤ ፊቱም ቀስ በቀስ ፈካ።

«አምና ሃያ አንድ አቤቱታ ቀርቦ ነበር» አለ። «ዘንድሮ አንድም የለም። ይህ አበረታች ለውጥ ነው።»

ቀበሮ ጉብታው ላይ ሆኖ አጨበጨበ።

ያኔ ሚዳቋ መጣች። ድንጋይ አልመረጠችም፤ ጭቃውን መሐል ለመሐል እየረገጠች፣ ዱካዋን ሳታጠፋ መጣች። ያንን ማየት ከጅቦቹ ይልቅ አስፈራን።

«አስታወሱኝ?» አለችው።

«መዝገቡን ካላየሁ ይቸግረኛል። ሰኮናዎን ቢያሳዩኝ…»

«ሁለት ልጆች ነበሩኝ። አንዷን ጅቦች ወሰዱብኝ። ሁለተኛዋን ግን ጅቦቹና እርስዎ ናችሁ የወሰዳችሁብኝ።»

ሽመላ አንገቱን ደፋ። «ከልብ አዝናለሁ፣ እመት ሚዳቋ። ሸንጎውም…»

«ሐዘኑ ይቆየን። ዋሻው ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ልጆቼን ልፈልግ መሄዴ ነው፤ አብረውኝ ይሂዱ። በክንፍዎ አይደለም፣ በእግርዎ። ዱካዎ ከዱካዬ ጎን ይታይ፤ ጅቦቹ ሲያዩት እርስዎንም ጨምረው ይከተሉ። ያኔ ዱካ ምን ጉዳት እንዳለው ያውቁታል።»

ቀበሮ ማጨብጨቡን ተወ። ሽመላ ክንፉን ገለጥ አድርጎ መልሶ ሰበሰበ። «ይህ ከተሰጠኝ ሥልጣን…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። አንድ እግሩን ከጭቃው አነሣ። ወደ ፊት ሊያኖረው ይሁን ሊበር አላወቅንም፤ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም። እግሩ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

ሚዳቋ ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ብቻዋን ሄደች። ጃርት አጉረመረመ፤ ስለ ጉልበቱም ስለ ዕድሜውም አንድ ነገር አለ፤ ከድንጋዩ ወርዶም ተከተላት። ከርቀት የጅብ ድምፅ ይሰማል። ሽመላ እንደዚያው በአንድ እግሩ ቆሟል።

እኔ ያለሁበት ድንጋይ ከጭቃው የሚርቀው አንድ እርምጃ ነው።