ከመቃብር የመጣ ፍርድ

አንድ ዳኛ በይሁዳ ተራሮች መካከል ባለች ከተማ ይኖር ነበር፤ ስሙ መሱላም ይባላል። የከተማዋ ሹም ምንጩን አጥሮ ውሃውን ወደ ወይን ቦታው ሊወስድ በፈለገ ጊዜ፣ መሱላም በአደባባይ ተቀምጦ «ውሃው የሁሉ ነው» ብሎ ፈረደበት። ሕዝቡ ዳኛውን ይወድ ስለነበር ሹሙ ፍርዱን ሊሽር አልደፈረም። የዳኛውን ሞት ግን በትዕግሥት ጠበቀ።

መሱላም ሞቶ ሐዘኑ ሳይወጣ፣ ሹሙ ከሩቅ አገር አንዲት ሙታን ሳቢ አስመጣ። ሕጉ ሙታንን መጠየቅ አጥብቆ ይከለክላል። ሹሙ ግን «ለከተማችን ሰላም ስል ነው» አለ፤ ካህናቱም ፈርተው አልከለከሉትም። ሕዝቡ በመቃብሩ ዙሪያ ተሰበሰበ። የዳኛው ሚስት አዙባም ማቅ እንደለበሰች መጣች።

ሙታን ሳቢዋ በግንባሯ ተደፍታ አጉተመተመች። ጥቂት ቆይቶ ከመሬት ውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«እኔ መሱላም ነኝ። ተሳስቼ ነበር፤ ምንጩን ለሹሙ ስጡት። ዋኖሴ፣ አንቺም አታምኚኝም?»

አዙባን «ዋኖሴ»፣ ማለትም ርግቤ፣ ብሎ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነበር፣ ያውም በቤታቸው ውስጥ። ያን ድምፅ ዳግም ለመስማት ያላትን ሁሉ በሰጠች ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሹሙ ፈገግ አለ። «ሰማሽ? ባልሽ ራሱ ፈረደ። እንግዲህ ምን ትያለሽ?»

«እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም» አለች አዙባ። «እሱም ቢሆን አልታዘዝም!»

«የገዛ ባልሽን ትክጃለሽ?»

«ባሌ ሲፈርድ ከሳሽም ተከሳሽም ፊቱ ቆመው ይሟገቱት ነበር። ተሳስተሃል የሚለው ሰው በዓይኑ እያየ ይነግረው ነበር። ይህን ድምፅ ግን ማን ይሟገተዋል? በቁሙ አፉን መዝጋት ቢያቅትህ፣ ከሞተ በኋላ ልታናግረው መጣህ!» ወደ ሕዝቡም ዞረች። «ሕጉ ሙታንን አትጥሩ ያለን ናፍቆታችንን ስለማያውቅ መሰላችሁ? ስለሚያውቅ እኮ ነው!»

ድምፁ እንደገና «ዋኖሴ» እያለ ተጣራ። አዙባ ጆሮዋን አልደፈነችም። እያለቀሰች ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ምንጩ ወረደች። መጀመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ተከተለቻት፣ ቀጥሎ ሸክላ ሠሪው፣ በኋላ ከተማው ሁሉ። ሹሙ ለአጥር ያስከመረውን ድንጋይ በወታደሮቹ ፊት በታተኑት። ሹሙ አዙባን ወህኒ አወረዳት፤ ምንጩን ግን ሕዝቡ ስለጠበቀው ሊያጥረው አልቻለም። ከወህኒ ስትወጣ ሰዎች «በእውነት እሱ ነበርን?» እያሉ ሲጠይቋት፣ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ መልሷ «አላውቅም» ብቻ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ሙታንን ማክበር መልካም ነው። ነገር ግን የሞተ ሰው «እንዲህ አላልኩም» ብሎ ሊከራከር አይችልምና፣ በስሙ የሚናገር ሁሉ የገዛ ልቡን ሐሳብ ያናግረዋል። የሕያዋንን ነገር መመርመርና መፍረድ የሕያዋን ዕዳ ነው። እናንተስ፣ ለበደል ተንበርከኩ የሚላችሁ እጅግ የምትወዱት ሰው ድምፅ ቢሆን፣ እምቢ ለማለት ትደፍራላችሁ?