የማሽላ ሁለት ቅሎች

ተረቴ መጣች። ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የቸኮለ መንገዱን ይቀጥል፤ እኔ እንደሆንኩ ለማንም አልቸኩልም።

በድሮ ዘመን መሬት ለዕፅዋት ሁሉ መሣሪያ ታድል ነበር። በሊታ ሁሉ ጥርስ አለውና ቅጠልም መከላከያ ይኑረው ብላ ነው። ግራር መጣ፤ እሾህ ተቀበለ። ሳማ መጣች፤ የሚለበልብ ጠጉር ተቀበለች። ማሽላ ከሁሉ ኋላ መጣ።

«እሾህ ልስጥህ?» አለችው መሬት።

«አልፈልግም። ገበሬ እሾሃም ነገር አይወድም።»

«የሚለበልብ ጠጉር ልስጥህ?»

«አልፈልግም። መልኬን ያበላሽብኛል።»

«እንግዲያው የማይታይ ልስጥህ» አለችና ሁለት ትናንሽ ቅሎች አወጣች። «በዚህኛው ቅል ያለው ብቻውን ማንንም አይጎዳም። በዚያኛው ያለውም ብቻውን ማንንም አይጎዳም። በቅጠልህ ውስጥ በግድግዳ ለይተህ አኑራቸው። ጥርስ ግድግዳውን ሲያፈርስ ይገናኛሉ፤ ሲገናኙ መርዝ ይሆናሉ፤ የበላህ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለጋ ስትሆንና ውኃ ሲጠማህ መርዙ ይበረታል፤ ስታፈራ ይቀንሳል።»

ማሽላ ደስ አለው።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች መሬት። «እሾህ ሳይበላ ይታያል። የአንተ ግን ከተበላ በኋላ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ አፍም እሰጥሃለሁ። የመጣውን ሁሉ ‹አትብላኝ› ትለዋለህ። ቃል ግባ።»

«ቃሌ ነው» አለ ማሽላ። ቃል ሲገባ ማንንም አይከብደውም፤ እሱንም አልከበደውም።

ከዚያ ወደ ቆላ ወርዶ በይማም ማሳ ላይ በቀለ። ይማም ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ዘሐራ ትባላለች። ቦራና ዳልቻ የሚባሉ ጥማድ በሬዎች ነበሯቸው። ከእነሱ ሌላ የሚያርስላቸው አልነበረም።

አንድ ቀን እመት ፍየል መጣች።

«አትብዪኝ እመት ፍየል፤ ለጋ ነኝ፣ ውስጤ መርዝ አለ።»

«ታዲያ ማን ሊበላህ መጣ? እያየሁህ እኮ ነው!» አለችና ከንፈሯን እየላሰች ሄደች።

ሌላ ቀን አያ አህያ መጣ።

«አትብላኝ አያ አህያ፤ ለጋ ነኝ፣ ውስጤ መርዝ አለ።»

«ተባረክ! እኔን ቀድሞ የነገረኝ ኖሮ አያውቅም። ዱላ እንኳ ካረፈብኝ በኋላ ነው የምሰማው» አለና ሄደ።

ማሽላው ጉልበት ሲደርስ የሽልሻሎ ጊዜ ሆነ። ሽልሻሎ ማለት የቆመውን ማሽላ መሃል ለመሃል በበሬ ማረስ ነው፤ የበዛው ይሳሳል፣ አረሙ ይገለበጣል፣ የቀረው ይፋፋል። በሬዎቹ ቡቃያውን እንዳይነጩ አፋቸው በገመድ መረብ ይታሰራል። ይማም እያፏጨ ነዳቸው። ማረሻው ሲያልፍ ከማሽላው ወንድሞች ብዙዎቹ ተነቅለው ወደቁ።

«ምን በደልንህ?» አለ ማሽላ ተንገብግቦ።

«እኔ ወደ ነዱኝ እሄዳለሁ» አለ ቦራ በታሰረ አፉ። «ግን በየዓመቱ ካረስኩ በኋላ ሲያምርብህ ነው የማየው።»

ማሽላ አልሰማውም። ቂም ያዘ።

የማሳው እኩሌታ ሳይታረስ ዝናቡ ጠፋ። ማሽላው ጠወለገ፤ ሣሩ ደረቀ፤ የበሬዎቹ የጎን አጥንት ወጣ። ቆይቶ ጥቂት ሲያካፋ ማሽላው ከሥሩ ለምለም ቅጠል አወጣ፤ ይማምም የቀረውን ሊያርስ በሬዎቹን ጠመደ። ቦራ ግን ጥቂት ሄዶ ቆመ።

«ዘሐራ፣ እንስሳው ርቦታል እኮ! አፉን ልፍታለትና ትንሽ ይቅመስ» አለ ይማም፣ አብራው ማሳው ላይ የነበረችውን ሚስቱን።

«ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! ጠምቶት የከረመ ማሽላ ለከብት ይሰጣል እንዴ? ታገስ፣ ገለባ ላምጣለት።»

ዘሐራ ወደ ቤት ሮጠች። ይማም ግን የበሬውን ዓይን አይቶ አላስቻለውም። «አንጀቴን በላው!» አለና ፈታለት።

ቦራ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ማሽላ ሆይ፣ ለፍየልና ለአህያ የነገርካቸውን ሰምቻለሁ። እኔስ ልብላ?»

ማሽላ ተነቅለው የወደቁት ወንድሞቹ ትዝ አሉት። አፍ ነበረው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዝም አለ።

«ዝም ካለ ፈቅዷል» አለ ቦራ። ነጨ፣ አኘከ፣ ዋጠ። ግድግዳው ፈረሰ፤ ሁለቱ ቅሎች ተገናኙ።

ይማም የዳልቻንም አፍ ሊፈታ እጁን ሲዘረጋ ቦራ ማለክለክ ጀመረ። ዘሐራ ገለባውን ታቅፋ ስትመለስ ወድቆ ይንፈራገጥ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

«ያዘንኩለት መስሎኝ ገደልኩት» አለ ይማም፣ መረቡን በእጁ እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ። ዘሐራ አልተቆጣችውም። አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። የማሳው እኩሌታ እንዲሁ ቀረ። «እሰይ!» አለ እዚያ የቆመው ማሽላ፣ «ከእንግዲህ የሚነቅለኝ የለም።»

ሰነባብቶ ባልታረሰው ማሳ ላይ ሐምራዊ አበባ ያላት ቀጭን አረም ብቅ አለች። ማሽላ ጉልበቱ ከሥሩ ሲከዳው ተሰማው።

«ማነሽ አንቺ?»

«አቀንጭራ ነኝ። ከሥርህ እየጠጣሁ ነው።»

«ተጠንቀቂ፣ ውስጤ መርዝ አለ! ትሞቻለሽ!»

«እነዚያ ቅሎችህ እንዲገናኙ ጥርስ ያስፈልጋል» አለች አቀንጭራ ቀስ ብላ። «እኔ ጥርስ የለኝም። እጠጣለሁ እንጂ አልነክስም።»

ማሽላ ደነገጠ። «መሬት ሆይ! ከዚህች አረም የሚያድነኝ የለም?»

«ነበረ» አለች መሬት። «ስሙ ቦራ ይባል ነበር።»

የታረሰው እኩሌታ አፈራ፤ ያልታረሰው እንደቆመ ደረቀ። መሬትም የሰጠችውን አፍ መልሳ ወሰደች። ማሽላ ዛሬ ነፋስ ሲነካው ከመንሾካሾክ በቀር የማይናገረው ለዚህ ነው። ለከብቱ የሚናገርለት ሰው ብቻ ሆነ፤ ዘሐራም ዝናብ በጠፋ ቁጥር ማሳው ዳር ቆማ «ተዉ፣ አታስነኩ!» እያለች ታውጅ ጀመር።

መሣሪያውን የደበቀ፣ ቃሉን አብሮ አይደብቅ። እኔ እንግዲህ ተናግሬያለሁ፤ ዝም ያለው ማሽላ ነው።