ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የመጡት

ማመን አለማመን የእናንተ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የነበረ ኮምፒውተር ዝግመቱ አይጣል ነበር። ነፍሰ ጡር ሆና ያበራችው ጸሐፊ፣ ሲከፈትላት ልጇን ክርስትና አስነሥታ ነበር! ቢቸግራት፣ ከፋብሪካ አብረውት የመጡትን፣ ማንም ከፍቶ የማያውቃቸውን ፕሮግራሞች ጠራርጋ አጠፋቻቸው። ኮምፒውተሩም እንደ ፈረስ ጋለበ።

ይህን የሰሙት ሥራ አስኪያጁ አቶ አሥራደ፣ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ጮኹባት።

"ስሚ አንቺ! አብሮ የመጣን ነገር ማን አጥፊ አለሽ? እንደማይጠቅሙ በምን አወቅሽ? አሁኑኑ አስረጂኝ፤ አለዚያ ከሥራ ተባረሻል!"

"ቀላል ነው ጌታዬ። እነሱ ሳይኖሩ ሥራው ከፈጠነ፣ አይጠቅሙም ማለት ነዋ።"

"ይኼ ማስረጃ አይሆንም!"

"እንግዲያው እርስዎ አንድ ሳምንት ዕረፍት ይውጡልንና እንሞክረው።"

አቶ አሥራደ ማባረሩን እርግፍ አድርገው ተዉት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድም ቢሮ ይገባሉ።