ዛፎቹን ማን ዳራቸው?

አንድ ሰው ነበር፤ በሞቃት ቆላ፣ ወንዝ ዳር ያለ የቴምር ደን እንዲጠብቅ የተሾመ። ዛፍ ይወዳል። እንዴት ያለ መውደድ መሰላችሁ! ቅጠል ሲቆረጥ ካየ የገዛ ጣቱ የተቆረጠ ይመስለዋል።

የመንደሩ ሰዎች ደግሞ ከአያቶቻቸው ጀምሮ ኖረውበታል። ቢላ ይዘው በገመድ ይወጣሉ፤ ቅጠሉን ቆርጠው ሰሌን ይሠሩበታል። ሰውየው ይህን ቢያይ ደሙ ፈላ። «ደኑን ጨረሱት!» አለና በሽቦ አጠረ፤ ሁሉንም አስወጣ። እናንተስ ብትሆኑ አታጥሩም ነበር?

በዓመቱ ዛፎቹ አበቡ። ደስ አለው። ፍሬው ግን ጫጭቶ፣ ሥጋ ሳይዝ ደርቆ ቀረ። በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ። በሦስተኛው፣ ገና ማበብ ሲጀምሩ፣ ከበላይ ደብዳቤ መጣ፦ «ዘንድሮም ካላፈራ ተመንጥሮ ጥጥ ይዘራበታል።»

ግራ ገባው። ውሃው አለ፤ አፈሩም ያው ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? ሥሩን ቆፍሮ አየ። ቅጠሉን ገልብጦ አየ። ንቦቹን ሳይቀር ተከትሎ አየ። ይገርማችኋል፣ ይህን ሁሉ ሲመረምር ሰው ብቻ አልጠየቀም! አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

በመጨረሻ እፍረቱን ዋጥ አድርጎ፣ ካስወጣቸው ሰዎች አንዱ ወደሆኑት ሽማግሌ ወደ ሁመድ ሄደ።

«አባባ፣ ዛፎቹን ምን ነካቸው?»

«ማን ዳራቸውና ይወልዳሉ?» አሉት።

«ዛፍ ደግሞ ይዳራል እንዴ?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ቴምር ወንድና ሴት አለው፣ ልጄ። ወጥተን የወንዱን አበባ ቆርጠን ከሴቷ አበባ መሀል እናስራለን። አንተ ቢላችንን አየህ እንጂ ሥራችንን መች አየህ?»

«ነፋሱስ?»

«ነፋስ ብቻውን አይበቃም። አያቶቻችን ለሃምሳ ሴት አንድ ወንድ ነው የተዉት፤ ‹ልጆቻችን ወጥተው ይድሯቸዋል› ብለው አምነውብን።»

ሰውየው አለቀሰ። ደኑን በፍቅሩ ሊገድለው ነበር! ሽቦውን በገዛ እጁ ፈታ፤ መንደሩም ሁሉ ገባ። የሁመድ ጉልበት እምቢ ስላለ፣ እሳቸው ከታች እየነገሩት ሰውየው ራሱ ዛፉ ላይ ወጥቶ የወንዱን አበባ ከሴቷ አሰረ፤ እሾሁ ክንዱን ቧጨረው። በዚያ ዓመት ዘለላው እስኪንዠረገግ ድረስ አፈራ፤ ደኑም ከመመንጠር ተረፈ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ምን አጥራችኋል? ትዳራችሁን ነው? ልጆቻችሁን ነው? ይህችን ቤተ ክርስቲያን ነው? አትወዱም አልላችሁም። ሰውየውም ይወድ ነበር። ፈጣሪ ግን ምድርን ሲሰጠን ጠብቁ ብቻ አላለንም፤ አብጁም ብሎናል። ማበጀትን ደግሞ ሰው ከሰው ይማራል።

ከእናንተ መካከል «አበላሸብኝ» ብሎ ሰው ከደጁ ያላስወጣ ማን ነው? ያን ሰው ምን ትሠራ ነበር ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ዛሬ ሂዱና ጠይቁት። ለነገ ካላችሁት፣ እሱም ላይኖር ይችላል፤ የሚያውቀውም አብሮት ይቀበራል።