ዟሪዋ ቅል

አንድ እንዶድ ሜዳ የሚባል የደጋ መንደር ነበር። መንደሩ የታወቀው በጥቁር ጠላው ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ጌሾው ተወቅጦ ይገባበታል፤ ይህ በየትኛውም አገር የሚደረግ ነው። የእንዶድ ሜዳን ጠላ የተለየ ያደረገው ግን አንዲት ቅል ነበረች። የጠመቀች ሴት ከድፍድፏ በቅሏ ሞልታ ለጎረቤቷ ትሰጣለች፤ ጎረቤቷም ያንን እርሾ አድርጋ ትጠነስስና በተራዋ ለቀጣይዋ ታቀብላለች። እርሾው እንዲህ ከቤት ቤት ሲዞር ስንት ትውልድ እንዳለፈ የሚያውቅ የለም። ያለ እሱ የሚጠመቀው ጠላ፣ ጠላ ነው እንጂ የእንዶድ ሜዳ ጠላ አይባልም።

አንድ ጊዜ ቅሏ አትጠገብ ከምትባል ባለሙያ ሴት ቤት ደረሰች። በዚያው ሰሞን የአገሩ ገዢ በመንደሩ ሲያልፍ ከእሷ ጠላ ቀመሰና፣ «እንዲህ ያለ እጅ በአገሬ መኖሩን አላውቅም ነበር» አለ። መመስገን ክፋት የለውም። ክፋቱ አትጠገብ ምስጋናውን ለብቻዋ መውሰዷ ነው። ገዢው ያጣጣመው የስንት ሴት እጅ ያለፈበትን እርሾ መሆኑን ረሳችው።

በማግስቱ ተረኛዋ ጎረቤቷ ዝማም ቅሏን ልትቀበል መጣች።

«እንደምን አደርሽ እቴ። ልጠነስስ ነውና ቅሏን ስጪኝ።»

«ድፍድፉ አልቋል» አለች አትጠገብ፣ ከበሯ ሳትነቃነቅ።

ዝማም ከአትጠገብ ኋላ ያለውን ጋን አየችው። እስከ አፉ ሙሉ ነበር። «እሺ እቴ፣ ይቅናሽ» አለችና ባዶ እጇን ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ከባሏ ጋር ወንዙን ተሻግራ ማዶ ሰፈረች።

ቅሏ አትጠገብ ቤት እንደገባች ቀረች። ሌሎቹ ሴቶች ሞክረው ሞክረው ጠላቸው እንደማንኛውም ጠላ ሲሆንባቸው ተዉት። አትጠገብም ለጥቂት ዓመታት ብቻዋን ስትወደስ ኖረች። ከዚያ አንድ ክረምት ድፍድፏ ሻገተ። ድሮ ቢሆን የአንዷ ሲበላሽ ከሌላዋ ቤት ይመለስላታል፤ ቅሏ የምትዞረው ለካ ለዚህም ኖሯል። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ አበው፤ አትጠገብ ግን ጠጠሮቿን ራሷ አውጥታ ጥላቸዋለች። መንደሩም ለሠርጉም ለለቅሶውም የጠርሙስ ቢራ በአህያ ማስጫን ጀመረ። በኋላ የተወለዱት ጥቁር ጠላ ሲባል ሽማግሌ የፈጠረው ወሬ ይመስላቸው ነበር።

ዘመን አለፈ። የአትጠገብ ባል ጓንጉል በጠና ታመመ፤ እህልም እምቢ አለው።

«የዚያን ጠላ አንድ ጉንጭ ብቀምስ ደስ ባለኝ» አላት።

«ከየት ላምጣልህ ጓንጉል? እርሾው ጠፋ እኮ።»

«ማዶ ተሻገሪና ዝማምን ጠይቂያት።»

«ያልሰጠኋት ከየት ይኖራታል?»

«ግዴለሽም ጠይቂያት። ሰው ልኬ ማስመጣቱ አያቅተኝም። እኔ የምፈልገው አንቺ እንድትሄጂ ነው።»

አትጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወንዙ ዳር ስትደርስ ግን እግሯ ያዛት። ደጇ ቆሜ ምን ልላት ነው ብላ አሰበች፤ የዚያን ጊዜው ሙሉ ጋን ትዝ አላት። ቆየት ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰችና፣ «ወንዙ ሞልቷል» አለችው። ጊዜው በጋ ነበር። ጓንጉል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

የተዝካሩ ዕለት ዝማም እንስራ አዝላ መጣች። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም። ከእንስራው በዋንጫ ቀዳች፣ እንደ ደንቡ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለአትጠገብ ሰጠቻት። አትጠገብ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ዋንጫውን አስቀመጠች።

«ይህ የኛ ጠላ ነው። ከየት አገኘሽው?»

«ያን ጊዜ ባዶ እጄን ስመለስ ጋሼ ጓንጉል በአጥሩ በኩል ጠርተው በጣሳ ሰጡኝ» አለች ዝማም። «‹ልቧ እስኪመለስ አትንገሪያት› አሉኝ። ከማዶ ሴቶች ጋር ቅል እያዞርን አቆየነው።»

«ታሞ ሳለ ወንዙ ድረስ መጥቼ ነበር» አለች አትጠገብ፣ እንባዋ እየወረደ።

«አይቼሻለሁ እቴ። እርሾውን ልትጠይቂ የመጣሽ መስሎኝ በጣሳ ቀድቼ ወረድኩ። ስደርስ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትሄጃለሽ። መታመማቸውን አልሰማሁም። ጠርቼ ልከተልሽ በተገባኝ፤ እኔም ኮራሁ።»

ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። ልቅሶው ለጓንጉል ብቻ አልነበረም።

ዛሬ እንዶድ ሜዳ ላይ ቅሏ እንደገና ትዞራለች። ወንዙን ተሻግራ ትሄዳለች፣ ተሻግራም ትመለሳለች። የአገሩ ሰው ጥቁሩን ጠላ ፍለጋ ከሩቅ ይመጣል፤ ወጣቶቹም መጥመቁን ተምረዋል። አትጠገብ ሁሉንም ታስተምራለች፣ ለሁሉም ትቀዳለች። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀምሳው አታውቅም። ጠጪ ብለው ሲለምኗት፣ «የኔ ድርሻ የጓንጉል ነው» ትላለች።

ሙያ ለብቻ ሲይዙት ይሞታል፤ ሲሰጡት ግን እንደ ጓንጉል ጣሳ ዞሮ ይመጣል። የጠፋ ጠላ ቢዘገይም ሊመለስ ይችላል። አንድ ጉንጭ ብሎ የለመነን ሰው ግን የሚመልሰው የለም። እናንተስ፣ በጋ ሆኖ ሳለ «ወንዙ ሞልቷል» ያላችሁት ለማን ነው? ያ ሰው ዛሬም በሕይወት ካለ፣ ተነሡና ተሻገሩ።