ለከንቲባው የሚመጥን ሌንስ

አንዲት ፎቶ አንሺ ከሰው እጅ የገዛችውን አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ይዛ የከተማውን ሹማምንት እንድታነሳ ተጠራች። ሌንሶቿ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለቅርብ የሚሆን አጭር፣ ሌላው ኳስ ሜዳ ላይ ከሩቅ የምታነሳበት ረጅም። ምክትል ከንቲባውን በአጭሩ አንስታ እንደጨረሰች ከንቲባው አቶ ጥላዬ ተቆጡ።

«ለእኔና ለምክትሌ አንድ ዓይነት ሌንስ? ለእኔ ረጅሙን ግጠሚ!»

«ጌታዬ፣ በረጅሙ ከዚህ ሆኜ ባነሳዎት ፎቶው ውስጥ የሚገባው አፍንጫዎ ብቻ ነው።»

«ሙሉ ቁመናዬ ካልወጣ ካሜራሽ ይወረሳል!»

ካሜራው እንጀራዋ ነው። ረጅሙን ገጠመችና ቁመናቸው እስኪገባላት ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ከማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ወጣች፤ አስፋልቱን ተሻገረች፤ ጭራሽ ከዓይን ጠፋች። ከንቲባው ደረታቸውን እንደነፉ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ፤ ሲሰለቻቸው ደወሉላት።

«የት ገባሽ አንቺ?»

«ጎረቤት ከተማ ደርሻለሁ፣ ክቡር ከንቲባ። ትልቅነትዎ እዚህ ድረስ ገፋኝ። ከዚህ በላይ ከራቅሁ ግን ፎቶው ላይ የእነሱ ከንቲባ ከፊትዎ ቆመው ይወጣሉ። ልቀጥል ወይስ ተመልሼ ምክትልዎን ባነሳሁበት ሌንስ ላንሳዎት?»